«ኬ-570ኤ» እና የቤታችን ክርክር

አቶ አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ ለመሆን ሲያመለክቱ «ቁመትዎ በ1 ሴንቲ ሜትር ያንሳል» ተብለው ተመለሱ። ሰውየው ግን ነገሩን አልተዉትም። ከዩቲዩብና ከአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት መጻሕፍት ራሳቸውን እያስተማሩ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ሞተሯ የአሮጌ ቮልስዋገን ነው። ስሟን «ኬ-570ኤ» አሏት፤ 570 ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት፣ «ኬ» ደግሞ የእናታቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል። በ2007 ዓ.ም. ሲሞክሯት ፕሮፔለሯ ችግር ገጠመውና ሳትነሳ ቀረች።

ይህን ከስልኩ ላይ ያነበበልን የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ያለው ቤታችን ሰላም የለውም። ልጁ ከአጎቱ ዘንድ ከተገለበጠ ባጃጅ የወጣ ሞተር አግኝቷል። በጓሮ ባለችው መጋዘን አካሉን ሠርቶ፣ አምባሰል ገደል አፍ ላይ ወስዶ ሊሞክረው አስቧል። እናቱ ይህን ስትሰማ «ሬሳህን ልታስለቅመኝ ነው?» ብላ ሞተሩን ለቆራሌው ልትሸጠው ተነሳች። እኔ መሀል ገባሁ።

ልጁ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚያወራው። በውጭ አገር ተቆርጦና ተበስቶ በሣጥን የሚሸጥ፣ «ኪት» የሚሉት አውሮፕላን አለ። ሰዎች ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ ይገጣጥሙታል። (እኛ ጋ ጋራዥ መኪና የሚጠገንበት ነው፤ እነሱ ጋ የመኪናው ማደሪያ ነው።) ቫንስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪት ብቻ ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ተሠርተው በረዋል። ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ መርማሪ መጥቶ ያያል፤ ከዚያም ለ25 ወይም ለ40 ሰዓት ተሳፋሪ ሳይጭን ይሞከራል። እኛም ዘንድ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ መብረር አይቻልም። ይህችን ክፍል ልጁ ፈጠን ብሎ ነው ያለፋት።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጭነት መኪና ሹፌርነት ነው። ከመርሳ ተነስቼ ወደ ውጫሌ ስወጣ የድሮው መኪና እንዴት እንደሚያለከልክ አውቃለሁ። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል። እንደ ሐይቅ ባለ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው 32 አካባቢ ይሆናል። ክንፉም ስስ አየር ላይ ለመንሳፈፍ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ይህን ስነግረው «የራይት ወንድማማቾች ሞተር 12 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር እኮ አባባ!» አለኝ። እውነቱን ነው። እነሱ ግን የበረሩት ባሕር ዳርቻ፣ ወፍራም አየር ላይ፣ ኃይለኛ ነፋስ ከፊት እየመጣላቸው ነው።

በአገራችንም የተሠራ አለ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠሯት «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በራለች። ጣሊያን ወሰዳት፤ የመለሳት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። እሷ በበረረችበት ሰሞን፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። እናቴ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበረች። አርጅታ እንኳ የመንገደኛ አውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ያሰጣችውን እህል ትታ ዛፍ ሥር ትገባ ነበር። ልጄ ከእሷ ጋር ነው ያደገችው። ስለዚህ ፍርሃቷን «የሴት ነገር» ብዬ አላጣጥለውም።

ስለ ራይት ቤተሰብ ካወቅሁት ሁሉ የበለጠ ልቤን የያዘው የአባትየው ነገር ነው። ሚልተን ራይት ጳጳስ ነበሩ። በ1878 እ.ኤ.አ. ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ በላስቲክ የሚሽከረከር መጫወቻ ይዘው ገቡ፤ ልጆቹ ያኔ 11 እና 7 ዓመታቸው ነበር። በ1903 ለ12 ሰከንድ ያህል በረሩ። አባትየው ግን ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይበሩ ቃል አስገቧቸው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል ብለው። ቃሉ የተፈታው አንድ ቀን ብቻ፣ በ1910 ነው። በዚያው ዕለት እሳቸውም በ81 ዓመታቸው ከልጃቸው ጋር በረሩ።

እኔም ቃል አስገብቻለሁ። ሞተሩ መጋዘኗ ውስጥ እንጨት ላይ ታስሮ ብቻ ይነሳል፤ ቁልፉም እኔ ኪስ ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና እስኪያልፍ የሚሠራው ከሸምበቆና ከጨርቅ፣ ሰው የማይጫንበት ባለ 2 ሜትር ክንፍ ነው። ልጁ አኩርፎ 3 ቀን አላናገረኝም። በ4ኛው ቀን ክብደቱን ሊመዝን ሚዛን ተበድሮ መጣ።

ባለፈው እሑድ እናቱ መጋዘኗ በር ላይ ቆማ አየችው። የክንፉ ጨርቅ ስፌት ጠማማ ነው ብላ ወስዳ ተረተረችው፤ ማታ በመኪናዋ እንደገና ሰፋችው። ስለ ገደሉ ማንም ቃል አላነሳም።