ኮሶ ያወጣው ትል ሁሉ አልወጣም

ኮሶ እምነት ብቻ ነው የሚል ተሳስቷል። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተፈጭቶ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ትል እንደሚያወጣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፎታል፤ በ19ኛው ደግሞ አበባው አውሮፓ ድረስ ተሻግሮ በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ሰፍሯል። ጥርጣሬ የሚገባው ሌላው እምነት ነው፤ ትል ከታየ ተድኗል የሚለው።

የኮሶ ትል ብዙ ሜትር ቢረዝምም አንጀት ላይ የሚጣበቅበት ጭንቅላቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አዲሱ አካል የሚበቅለው ከአንገቱ ሥር ነውና ጭንቅላቱ ከቀረ የወጣው ርዝመት ሁሉ በጥቂት ወራት ይተካል። ኮሶ በየሁለት ወሩ የመጠጣት ልማድ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። «ሰውየው ዳግም ጥሬ ሥጋ በልቶ ቢሆንስ?» ቢባል ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አዲስ የገባ እጭም ቁርጥራጩ ሰገራ ላይ እስኪታይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፣ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ያም ሆነ ይህ ኮሶ ከነገው ቁርጥ አይከላከልም። ሚጥሚጣና አረቄም እንዲሁ፤ ሥጋው ውስጥ ያለውን እጭ የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም ለቀናት አጥብቆ ማቀዝቀዝ ነው።

«የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ኮሶ ትሉን የሚያሸንፈው መርዝነት ስላለው ነው፤ ያ መርዝ ትሉን ከጠጪው አይለይም። አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፣ ስለዚህ በከረመ ኮሶ የለመደ እጅ ትኩሱን በዚያው ልክ ሲሰፍር መጠኑን ያልፋል። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ብቻ ሳይሆን የዓይን ጉዳትም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ ልትርቀው ይገባል። ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉት የትል ክኒኖች ግን መጠናቸው የተለካ ነው፤ ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ አንድ ጊዜ 2 ግራም ይሰጣል። በክኒኑ ላይ የሚነሳው ቅሬታ «ትሉ ሲወጣ አላየሁም» የሚል ነው። የሞተው ትል አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ስለሚወጣ አለመታየቱ መድኃኒቱ አለመሥራቱን አያሳይም። ለኮሶም ሆነ ለክኒን ፍርዱ የሚሰጠው ጠዋት መጸዳጃ ቤት አይደለም፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ ላይ ነው።