ፀሐይ የማትስማማቸው ልጆች

ጫንጮ ላይ የጠዋት ፀሐይ ይሞቋታል እንጂ አይሸሿትም። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። እናት ጨቅላዋን ቅቤ ቀብታ ደጅ ትወጣለች፤ አጥንቱ እንዲጠና። ልክ ናት።

ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባለው በሽታ ይዞት ለተወለደ ሕፃን ግን ይህችው ፀሐይ መርዝ ናት። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አፍንጫውና ጉንጩ ላይ ጥላሸት የተረጨበት የሚመስል ጠቃጠቆ ይወጣል፤ ዓይኑ ብርሃን አይችልም። አንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ነክታው ፊቱ ለቀናት ቀልቶ ይሰነብታል። ጎረቤት «ምች መታው» ይላል፤ ዳማከሴ ይታሻል። የቆዳ ካንሰር በልጅ ላይ ብርቅ ነው፤ በእነዚህ ልጆች ላይ ግን አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሊከሰት ይችላል። ከንፈር ላይ አልድን ያለ ቅርፊት፣ ሲነካ የሚደማ እባጭ ሆኖ ይጀምራል።

የፀሐይ ጨረር በሴላችን ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ያበላሻል፤ ጎን ለጎን ያሉ ፊደላቱን ያጣብቃቸዋል። ጤነኛ ሴል እንደ ሸማኔ ነው፤ የተበላሸውን ክር ቆርጦ ያወጣና በቦታው አዲስ ይቀጥላል። ይህን ጥገና የገለጠው አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። የእነዚህ ልጆች ሸማኔ ግን መቁረጫ የለውም፤ ስህተቱ ይከማቻል።

ጉድለቱን ጤነኛ የሚመስሉ እናትና አባት ሁለቱም ተሸክመውት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽታው ይዞት የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የሥጋ ዘመዳሞች በሚጋቡበት አገር የሚበዛውም ለዚህ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎቻችን ስለ ዲኤንኤ ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸው ነበር ማለት ይቻላል።

የደጋው ብርድ ደግሞ ያታልላል። ጨረሩ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ ሙቀቱ ስለማይሰማ ግን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ጥላ አይፈልግም። ደመናም ቢሆን ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አይከልልም።

ያልዳነ ቁስል ያለበት ልጅ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ቢወሰድ ይበጃል። በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው ይህ ቦታ ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች መናኸሪያ ነው። እባጩ በጊዜ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ይድናል። ለበሽታው ለራሱ ግን መድኃኒት የለም። ያለው ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ መነጽርና የፀሐይ ቅባት ነው፤ ቅባቱ ለገበሬ ኪስ ይከብዳል፤ ጋቢ መከናነብ ግን ወጪ የለውም። ከፀሐይ በመሸሹ የሚያጣውን ቫይታሚን ዲ ሐኪሙ በኪኒን ይተካለታል። ከብቱን ሌላ ይጠብቅ፤ እሱ ማታ በረት ያስገባቸው።