ከወዳደቀ ብረት የሚነሣ ሞተር ብስክሌት

(ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ስታነቡ የሥራውን ደረጃዎችና ለየደረጃው የተሰጠውን ምክንያት በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ።)

በሐዋሳ ከተማ፣ መሃል ከተማ በሚባለው አካባቢ በማለዳ የሚዘዋወር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ድምፅ ነው። ተሽከርካሪ በበዛበት ከተማ የጥገና ሥራም ይበዛልና በየጋራዡ ደጃፍ የተከመረ አሮጌ ብረት ማየት የተለመደ ነው። ከዚህ ብረት መካከል አንዳንድ ጊዜ ቸርኬው የተጣመመ፣ የነዳጅ ታንኩ የዛገ፣ መቀመጫው የተቀዳደደ አሮጌ የገጠር ሞተር ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ ይገኛል። መንገደኛው «ይህማ የቆራሌው ሲሳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አስተዋይ መካኒክ ግን ጎንበስ ብሎ ይመለከተውና «ከዚህ ውስጥ የሞተው የትኛው ነው? ያልሞተውስ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አሮጌ መኪና የማደስ ጥበብ በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ሊሆን ይችላል።

የገጠር ሞተር ብስክሌት የምንለው አስፋልት በሌለበት፣ ድንጋይና ጭቃ በበዛበት መንገድ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራውን ነው። ሞተሩ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የፊት ጎማው ከኋለኛው ይበልጥ ትልቅ ዙሪያ አለው፤ የጎማዎቹ ጥርሶች ጎላ ጎላ ያሉ ናቸው፤ ማርሚታውም ውሃና ድንጋይ እንዳያገኘው ወደ ላይ ተወጥሮ ይታሰራል። በዚህ ዓይነት ሥራ ስማቸው ከታወቀው መካከል አንዱ ያማሃ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1955 ከሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ተለይቶ የተቋቋመ በመሆኑ፣ ዓርማው እስከ ዛሬ ድረስ ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ አንድ የተባለውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቀረበ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ዲቲ 125 የተባለውን አነስ ያለ ዓይነት ሠራ። ይህን የመሰሉ ሞተር ብስክሌቶች በአገራችንም መኪና በማይደርስበት ገጠር ለሚዘዋወሩ የእርሻና የጤና ባለሙያዎች እግር ሆነው አገልግለዋል። ዛሬ በየግቢው ጥግ ወድቀው የሚገኙት የእነዚሁ ቅሪቶች ናቸው።

እስቲ እንዲህ ያለ አንድ አሮጌ ዲቲ 125 በእጃችን ገባ እንበል። ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቃላትን መለየት ይገባናል። ማደስ ማለት መኪናውን ፋብሪካው እንደ ሠራው አድርጎ መመለስ ነው። ማሻሻል ማለት ደግሞ ከሚሠራበት አገርና ከባለቤቱ ፍላጎት ጋር እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ሳያድስ ማሻሻል ይጀምራል፤ ይኸውም መሠረቱ የተሰነጠቀ ቤት ቀለም እንደ መቀባት ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ደረጃ ብረት መፍታት ሳይሆን ሰነድ መመርመር ነው። በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት። ሊብሬ የሌለው ሞተር ብስክሌት ምናልባት የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ቢታደስም በሕጋዊ መንገድ ሊነዳ አይችልም። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ መኪናው በዝግታ ይፈታል። እያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ከየት እንደ ወጣ ተጽፎ ለየብቻው በጣሳ ይቀመጣል፤ የሽቦዎቹም አኳኋን በሥዕል ይያዛል። ሲፈታ ያልተጻፈ ነገር ሲገጠም ይጠፋልና።

ቀጥሎ ሻንሲው ይታጠባል፤ ይፈተሻል። ስንጥቅ በብዛት የሚገኘው መሪው በሚዞርበት አንገት አካባቢና የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ በሚታሰርበት ቦታ ነው፤ ከመንገዱ የሚመጣው ምት ሁሉ የሚያርፈው በእነዚህ ቦታዎች ላይ ነውና። ሻንሲው መጣመም አለመጣመሙን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎማዎቹ ከተገጠሙ በኋላ ሲባጎ ከኋለኛው ጎማ ጎን እስከ ፊተኛው ተወጥሮ በግራም በቀኝም ይታያል፤ የሁለቱ ወገን ልዩነት መጣመሙን ይናገራል። የተሰነጠቀ አንገት በብየዳ ጥበብ የሠለጠነ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም ሊነካው አይገባም።

ከሻንሲው በኋላ ተራው የሞተሩ ነው። የዲቲ 125 ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይጨምቃል፤ በዚያው ጊዜ ከሥሩ አዲስ ድብልቅ ወደ ሞተሩ ሆድ ይስባል። በቃጠሎው ኃይል ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ድብልቅ ገፍቶ ወደ ላይ ያሻግራል። ስለሆነም የሞተሩ ሆድ እንደ ወናፍ ያገለግላል ማለት ነው። ወናፍ ቀዳዳ ካለው እንደማይሠራ ሁሉ፣ ይህም ሞተር የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ ካረጁ አየር ያስገባል፤ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሙቀቱ ይበዛል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል። ይህ በሩጫ ላይ የደረሰ እንደሆነ የኋላው ጎማ በድንገት ይቆልፍና ነጂውን ይጥለዋል። ዋጋው ርካሽ የሆነ ጎማ ባለመቀየሩ ምክንያት የሰው እግር ወይም ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

የሲሊንደሩ ወርድ 56 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በተማራችሁት መሠረት 28 በ28፣ ከዚያም በ3.14ና በ50 ብታባዙ 123,088 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ወደ 123 ሲሲ ታገኛላችሁ፤ «125» የሚለው ስም ከዚህ የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ለብዙ ዘመን የሠራ ሲሊንደር በመፋቅ ብዛት ክብነቱን ያጣል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ተወስዶ በጥቂቱ ይሰፋና 56.25 ወይም 56.50 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒስተን ከነፋሻው ይገጠምለታል። ፋብሪካዎች እንዲህ ያለ ከፍ ያለ ልክ አስቀድመው ማዘጋጀታቸው መኪና አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚጣል ሳይሆን የሚታደስ መሆኑን ያሳያል።

የጎደለው ዕቃ ከወዴት ይገኛል? በአዲስ አበባ መርካቶ ሱማሌ ተራ በመለዋወጫ ዕቃዎቹ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ የወዳደቀውን ለአገልግሎት በማብቃት የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ዕቃ ሲመረጥ ዓይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ካሊፐር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ኩሽኔታን እንውሰድ። 6203 የሚል ቁጥር የተመታበት ኩሽኔታ በየትም አገር ይሠራ የውስጥ ወርዱ 17፣ የውጭ ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ስለሆነም መካኒኩ «የያማሃ ኩሽኔታ» ብሎ ከመድከም ይልቅ ቁጥሩን ቢያነብ፣ ከሌላ መኪና ወይም ከአንድ የፋብሪካ ሞተር መለዋወጫ መካከል ትክክለኛውን ሊያገኝ ይችላል።

ከውዳቂ ዕቃ የሚወሰድና የማይወሰድ አለ። ሻንሲ፣ የጎማ እምብርት፣ የሞተር ቤት፣ ፓራፋንጎና የመብራት ቤት ስንጥቅ ከሌላቸው አሮጌም ቢሆኑ ያገለግላሉ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድ፣ ካቴና፣ ጎማ፣ ኩሽኔታና የዘይት ማገጃ ግን አዲስ መሆን አለባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የፊተኞቹ ድካማቸው በዓይን ይታያል፤ የኋለኞቹ ግን ደክመው ሳለ ደህና ይመስላሉ፤ የሚበጠሱትም በሚያስፈልጉበት ሰዓት ነው።

በነዳጅ ታንኩ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ይደረጋል። ባዶ የሆነ ታንክ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በብየዳ ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላልና። ስለዚህ ታንክ መበየድ የተማሪ ሥራ አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው ያገለገለ ዘይትም በዕቃ ይጠራቀማል እንጂ ወደ ቦይ አይደፋም። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ ጎርፍ ያስገባው እድፍ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

መኪናው ከታደሰ በኋላ የማሻሻሉ ሥራ ይጀመራል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ወደ ሲዳማ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ እየሳሳ ይሄዳል። ካርቡራቶሩ ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩም ይታፈናል። ስለዚህ ቤንዚኑን የሚያሳልፈው ቀዳዳ በአነስተኛ ይለወጣል። ልኩን የሚናገረው ካንዴላው ነው፦ ከጠቆረና ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ የቡና ዓይነት መልክ ከያዘ ግን ተስማምቶታል። እንደዚሁም የካቴናው ጥርሳም ክቦች ይታያሉ። የፊቱ 15፣ የኋላው 45 ጥርስ ቢኖረው ፊተኛው 3 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። የኋላው በ48 ቢለወጥ 3.2 ጊዜ ይሆናል። ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ዳገት የመውጣት ኃይሉ ግን በመቶ ሰባት ገደማ ይጨምራል። ከደጋ ቡና ጭኖ ለሚመላለስ ሰው ከፍጥነት ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ብዙ ወጣቶች ማሻሻል የሚሉት ግን ሌላ ነው፤ ማርሚታውን ቆርጠው ድምፁን ማስጮህ ይወዳሉ። በባለ ሁለት ምት ሞተር ማርሚታ የጭስ መውጫ ብቻ አይደለም። በሆዱ ውስጥ ተመልሶ የሚመጣው ግፊት ሊያመልጥ ያለውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። ስለዚህ ማርሚታውን የቆረጠ ሰው ጩኸት ጨምሮ ኃይል ይቀንሳል፤ የጎረቤቱንም እንቅልፍ ይነሣል።

በመጨረሻ ቀለም ይመጣል። ቀለም ከፍሬን ቀጥሎ እንጂ ከፍሬን በፊት አይደለም። በደረቅ ሜዳ በዝግታ እየተነዳ የሁለቱም ጎማ ፍሬን ሳይፈተሽ፣ ነጂውም የራስ ቁር ሳያጠልቅ ሞተር ብስክሌቱ ወደ ዋና መንገድ ሊወጣ አይገባም። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተርም በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ኃይሉን አይጠየቅም።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ እጅ በንቀት የታየበት ዘመን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እንግዲህ ዛሬ በመሃል ከተማ ጋራዥ ውስጥ እጁ በዘይት የጠቆረ ወጣት ስታዩ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ትዕግሥት በአንድ እጅ ላይ ተገናኝተው እንደሚሠሩ አስታውሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የወዳደቀውም ብረት እየተለካ፣ እየተመረመረና እየተገጠመ አንድ ቀን በጎማው ይሄዳል።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. በማደስና በማሻሻል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. የሞተሩ ሆድ ከወናፍ ጋር የተነጻጸረው ለምንድን ነው?
3. ከውዳቂ ዕቃ የማይወሰዱት የትኞቹ ናቸው? ምክንያቱስ?

ለ. ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬና ፍሪሲዮን ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የሙያ ቃላት ናቸው። እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ ጻፉ።

ሐ. በምንባቡ ውስጥ «ስለሆነም»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ይኸውም» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፣ የትኛው ምክንያትና ውጤትን፣ የትኛው ተቃርኖን፣ የትኛው ማብራሪያን እንደሚያያይዝ አመልክቱ።

መ. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ አሮጌ ዕቃ እንዴት እንደሚታደስ የሚገልጽ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ምክንያቱን ስጡ።