ሦስት ሺህኛው ምትና በካርድ ላይ ያለው ቁጥር

የጎንደር ፒያሳ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጆተኒ የሚባለው የጠረጴዛ ኳስ ለብዙ ዓመታት የወጣቱ መዋያ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዛሬ ያንን ቦታ በአብዛኛው የፕሌይስቴሽን ቤቶች ይዘውታል። መሣሪያው ቢለወጥም ክርክሩ ግን ያው ነው፤ «ከእገሌና ከእገሌ ማን ይበልጣል?» የሚል። የተለወጠው የማስረጃው ዓይነት ነው። ቀድሞ ተከራካሪው ያየውን ጎል ይተርክ ነበር፤ አሁን ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ በተጫዋቹ ካርድ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያሳያል። 94 ከ91 ስለሚበልጥ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? በተለይም ተጫዋቹ በሥራ ዘመኑ አንድ ታላቅ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ለመታሰቢያ የሚወጣለት ካርድ፣ ስለ እውነተኛ ችሎታው ምን ያህል ሊታመን ይችላል? ጥያቄው የጨዋታ ቢመስልም መልሱ ያለው በስታቲስቲክስ ትምህርት ውስጥ ነው። መልሱን ለመፈለግ ከእግር ኳስ ይልቅ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ የሆነውን ቤዝቦልን መርጠናል። በእግር ኳስ አንድ ጎል የሃያ ሁለት ሰዎች እንቅስቃሴ ውጤት በመሆኑ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለይቶ መቁጠር አስቸጋሪ ነው። በቤዝቦል ግን አንድ ወርዋሪ ዱላ ከያዘ አንድ መቺ ጋር ይፋጠጣል፤ መቺው ኳሷን መትቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በሰላም ከደረሰ ተሳክቶለታል፣ ካልሆነም ከሽፎበታል። እያንዳንዱ ሙከራ እንደ ሳንቲም ውርወራ ሁለት ውጤት ብቻ ያለው ሆኖ ይመዘገባል። መዝገቡም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተያዘ ስለሆነ ለዕድል ስሌት ተማሪ የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

በሶኒ ኩባንያ የሳን ዲዬጎ ስቱዲዮ የሚሠራው «ኤም ኤል ቢ ዘ ሾው» የተሰኘ የቪዲዮ ጌም ይህንን መዝገብ ወደ ካርድ ይለውጠዋል። ካርዱ ላይ አንድ ጠቅላላ ውጤት ይጻፋል፤ ጣሪያው 99 ነው። ከሥሩም ኳስ የማግኘት ብቃት፣ የምት ኃይል፣ ፍጥነትና የመሳሰሉት ለየብቻቸው ይዘረዘራሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ እስከ 125 ይደርሳሉ። ከ65 እስከ 74 ያለው ካርድ ነሐስ፣ እስከ 79 ብር፣ እስከ 84 ወርቅ፣ ከ85 ጀምሮ ያለው ደግሞ አልማዝ ይባላል። ኳሷ ስትወረወር ኮምፒውተሩ እነዚህን ቁጥሮች ከተጫዋቹ ጣት ፍጥነትና ከዘፈቀደ ቁጥር ጋር አዋህዶ ውጤቱን ይወስናል። እንግዲህ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕድል ማስተካከያ ነው።

ካርዶቹ በወገን በወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ማይልስቶን» ይባላል። ይህ ስያሜ መንገደኛ ምን ያህል እንደተጓዘ ለማሳወቅ በመንገድ ዳር ከሚተከለው ድንጋይ የመጣ ሲሆን፣ እኛ የምዕራፍ ካርድ እንለዋለን። በቤዝቦል ዓለም ከሁሉ የታወቁት ምዕራፎች ሁለት ናቸው፤ 3000 ስኬታማ ምትና ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ የሚጥለው «ሆም ረን» 500 ጊዜ። ጃፓናዊው ኢቺሮ ሱዙኪ በአሜሪካ ሊግ 3000ኛውን ምት የመታው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ነበር። ቬንዙዌላዊው ሚጌል ካብሬራ እ.ኤ.አ. በ2021 500ኛውን ሆም ረን፣ በሚያዝያ 2022 ደግሞ 3000ኛውን ምት አስመዝግቧል፤ 3000 ላይ በመድረስም 33ኛው ሰው ሆኗል። ከምዕራፍ ካርዱ ጎን በአንድ ወር ውስጥ ጥሩ ለተጫወተ ሰው የሚሰጥ የወር ሽልማት ካርድም አለ። ሁለቱም አልማዝ ሆነው፣ ሁለቱም ተቀራራቢ ቁጥር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የሃያ ዓመት ሥራና የአንድ ወር ሥራ በአንድ ሚዛን ተመዝነዋልና።

ወደ ቤዝቦሉ ጠልቀን ከመግባታችን በፊት ግን ድምርና ምጣኔ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከራሳችን ሊግ እንይ። 2013 ዓ.ም. ለጎንደር ሰው የማይረሳ ዓመት ነው፤ ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚያ ዓመት ነበር። በዚሁ የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎሎችን አስቆጥሮ፣ የደደቢቱ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ይዞት የነበረውን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። በድምር ሲታይ ልዩነቱ አራት ጎል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በ2009 ዓ.ም. በሊጉ 16 ክለቦች ስለነበሩ እያንዳንዱ ክለብ 30 ጨዋታ ሲያደርግ፣ በ2013 ዓ.ም. የተወዳደሩት ክለቦች 13፣ የእያንዳንዱም ጨዋታ 24 ነበር። ጎሉን ለክለቡ ጨዋታዎች ብዛት ስናካፍለው የጌታነህ ምጣኔ 0.83፣ የአቡበከር ደግሞ 1.21 ይሆናል። የአራት ጎል ልዩነት ወደ ምጣኔ ሲለወጥ የ45 በመቶ ልዩነት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ለአቡበከር የ2013 ዓ.ም. ካርድ እንሥራ ብንል 1.21ን እንዳለ እንጻፍለት? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ጎል ያሉ ክስተቶች ሲቆጠሩ፣ በዕድል ብቻ የሚመጣው መዋዠቅ በግምት የድምሩን ስኩዌር ሩት ያህላል። የ29 ስኩዌር ሩት ከ5 ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ችሎታው ቅንጣት ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያንኑ የውድድር ዘመን ደግሞ ቢጫወተው 24 ወይም 34 ቢያገባ ሊገርመን አይገባም። ይህ የተጫዋቹን ክብር አይነካም፤ ጎሎቹ ገብተዋል፣ ክብረ ወሰኑም ተሰብሯል። የተደረገው ነገር እርግጥ ነው፤ ከተደረገው ተነሥቶ ችሎታን መገመት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ይህንን ሥራ በሚያስደንቅ ሁኔታ ያሳየው ምሳሌ የተወሰደው ከቤዝቦል ነው። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ቻርልስ ስታይን እ.ኤ.አ. በ1956፣ ኋላም በ1961 ከዊላርድ ጄምስ ጋር ሆኖ አንድ እንግዳ ውጤት አቀረበ። ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ መጠኖችን በአንድነት ለመገመት ስንነሣ የእያንዳንዱን የታየ አማካይ እንዳለ መውሰድ የተሻለው መንገድ አይደለም፤ ሁሉንም ወደ አንድ የጋራ መካከለኛ ጥቂት ጥቂት ስንጎትታቸው ጠቅላላ ስሕተቱ ይቀንሳል። በጊዜው ለብዙዎች ይህ የማይታመን ነበር። ብራድሊ ኤፍሮንና ካርል ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1977 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ላይ ለሕዝብ ሲያብራሩት፣ የ1970 የውድድር ዘመንን 18 መቺዎች በምሳሌነት ወሰዱ። እያንዳንዳቸው የመጀመሪያዎቹን 45 ሙከራዎች እንዳደረጉ ውጤታቸው ተመዘገበ፤ ጥያቄውም «በቀረው ዓመት ምጣኔያቸው ስንት ይሆናል?» የሚል ነበር።

ከሁሉም በላይ የነበረው የፖርቶ ሪኮ ተወላጁ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነው። ከ45 ሙከራ 18ቱ ተሳክተውለታል፤ ከመቶ 40 ማለት ነው። ከታች ከነበሩት አንዱ ደግሞ የኒው ዮርክ ያንኪሱ ጀማሪ ተርማን መንሰን ሲሆን ያገኘው 8 ብቻ፣ ከመቶ 17.8 ነበር። የአሥራ ስምንቱ አማካይ ከመቶ 26.5 ነው። የወር ሽልማት ካርድ የሚሠራ ሰው ቢኖር ለክሌሜንቴ አልማዝ፣ ለመንሰን ተራ ካርድ ይሰጥ ነበር። በቀረው ዓመት ግን ክሌሜንቴ ወደ 34.6 ዝቅ ሲል መንሰን ወደ 31.6 ወጣ። በመጀመሪያው ወቅት ከመቶ 22 የነበረው ልዩነት ወደ 3 ወረደ። መንሰን በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ ተሸለመ።

የስታይንን ስሌት በቀላሉ ለማስረዳት እንዲህ እናስበው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ካደረጋቸው 45 ሙከራዎች ላይ አማካይ ውጤት ያላቸውን 167 ምናባዊ ሙከራዎች እንጨምርለት። 167 የመጣው የአሥራ ስምንቱ ሰዎች ውጤት እርስ በርሱ ምን ያህል እንደተራራቀ ተለክቶ፣ ከዚያም ውስጥ በዕድል ብቻ የሚጠበቀው መራራቅ ተነጥሎ ነው። ለክሌሜንቴ ምናባዊዎቹ ሙከራዎች 44 ያህል ምቶች ይሆናሉ። 18 ሲደመርበት 62 ከ212፣ ማለትም ከመቶ 29.4 ግምት እናገኛለን። ትክክለኛው 34.6 ስለነበር ለክሌሜንቴ ብቻ ከታየ ስሌቱ ከሚገባው በላይ ጎትቶታል፤ እርሱ በእርግጥም ታላቅ ተጫዋች ነበርና። የአሥራ ስምንቱ ሁሉ ስሕተት በአንድነት ሲደመር ግን የተጎተተው ግምት ስሕተት ካልተጎተተው ከሦስት እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለአንዱ ጥቂት ተበድሎ ለብዙኃኑ ፍትሐዊ የሆነ ዳኛ ይመስላል።

አሁን ወደ ምዕራፍ ካርዱ እንመለስ። ክሌሜንቴ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1972 ለፒትስበርግ ፓይረትስ እየተጫወተ 3000ኛውን ምት መታ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደመች። ክሌሜንቴ የእርዳታ እህልና መድኃኒት ጭኖ ራሱ ለማድረስ ታኅሣሥ 31 ቀን ከፖርቶ ሪኮ ሲነሣ አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ እርሱም በ38 ዓመቱ ሞተ። የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ለሌሎች የሚያስፈልገውን የአምስት ዓመት ቆይታ ትቶ በ1973 ስሙን መዘገበው። የሥራ ዘመኑ ድምር ከ9454 ሙከራ ልክ 3000 ላይ ቆሞ ቀረ፤ ምጣኔው ከመቶ 31.7 ነው።

በዚህ ላይ እነዚያኑ 167 አማካይ ሙከራዎች እንጨምርበት። 3044 ከ9621 ይሆናል፤ ከመቶ 31.6። ከ40 ወደ 29.4 የጎተተው ክብደት እዚህ ላይ ያነቃነቀው አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ተጫዋቹ አልተለወጠም፣ ስሌቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማስረጃው ብዛት ነው። እንግዲህ በእኛ አስተያየት የምዕራፍ ካርድ ከወር ሽልማት ካርድ የሚበልጠው ቀለሙ ስላማረ ወይም ቁጥሩ ስለከበደ አይደለም፤ ከጀርባው ዕድል ሊያናውጠው የማይችል የሙከራ ክምር ስላለ ነው። ጌሙ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት አልማዝ ይሰጣል፤ የሙከራዎቹንም ብዛት ከጠቅላላው ውጤት ጎን አይጽፍም። ሌላም ነገር አለ። የወር ካርድ የሚወጣለት ሰው ከመቶዎች መካከል በዚያ ወር ከፍ ብሎ የታየው ነው። ከብዙዎች መካከል ከፍተኛው ሲመረጥ ከችሎታው ጋር ዕድሉም አብሮ ይመረጣል፤ በሚቀጥለው ወር ዝቅ ቢል «ካርዱ ገደ ቢስ ነው» የሚሉ አይጠፉም እንጂ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም።

ይህ ነገር የኪስ ጉዳይ የሚሆንበት መንገድም አለ። ተፈላጊ ካርዶች በታሸገ ጥቅል ውስጥ ሆነው በዕጣ ይወጣሉ። በስልክ በነፃ የሚገኘው የኮናሚ «ኢፉትቦል» ሳይቀር ተጫዋቾቹን በዕጣ ያቀርባል፤ ዕጣውም በጨዋታ ከሚገኝ ነጥብ ሌላ በገንዘብ ሊገዛ ይችላል። ቤልጂግ እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ጥቅሎች ቁማር ናቸው ብላ ስለወሰነች፣ የፊፋ ጌም አሳታሚ የነበረው ኢኤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በዚያች አገር የጥቅል መግዣ ነጥብ መሸጡን አቆመ። ለምሳሌ ያህል የሚፈለገው ካርድ ከመቶ ጥቅል በሁለቱ ይገኛል እንበል። ብዙ ተማሪ 50 ጥቅል ከከፈትኩ አንድ ማግኘቴ እርግጥ ነው ብሎ ያስላል። እውነተኛው ስሌት 0.98ን 50 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ ውጤቱም 0.36 ገደማ ነው። ሃምሳ ሃምሳ ጥቅል ከከፈቱ መቶ ተማሪዎች 36ቱ ያህል ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ለእነዚያ 36ቱ 51ኛው ጥቅል የሚሰጣቸው ዕድል የመጀመሪያው የሰጣቸውን ያህል፣ ከመቶ ሁለት ነው።