መኪናችሁ ዘይት እየበላ ነው? «ሞተሩን ላሠራው ወይስ ልቀይረው?» ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጠዋት መኪናውን ስታስነሱ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ይላል። ከሁለት ሳምንት በፊት የሞላችሁት ዘይት መለኪያው ላይ ግማሽ እንኳን የለም። ጋራዥ ስትወስዱት አንዱ መካኒክ «ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተሩ ይውረድ» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ «ምን ያደክምሃል? ሶማሌ ተራ ሂድና ሙሉ ሞተር አምጣ» ይላል።

ታዲያ ማንን እንመን?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ለብዙ ወጣት ሹፌር መኪናው የዕለት እንጀራው ነው። ሞተር ወርዶ መኪናው ጋራዥ በቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ የለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ «ይቺን ሸጬ የተሻለች ልግዛ» ማለት እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ያለችንን ማቆየት አለብን። ግን በየትኛው መንገድ?

ከመጀመሪያው እንጀምር።

👉 1. እየበላ ነው ወይስ እያፈሰሰ?

ዘይት የጎደለ ሁሉ ተቃጠለ ማለት አይደለም። መኪናውን ለሊት ካርቶን አንጥፋችሁበት አሳድሩት። ጠዋት ጠብታ ካለ ችግሩ ፓራኦሊዮ ወይም ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። ይሄ ሞተር የሚያስወርድ ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ጠብታ ከሌለ ለኩ። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ስንት እንደጎደለ እዩ። ሁሌም ሜዳ ላይ ቆማችሁ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ለኩ። «ብዙ ይበላል» የሚለው ስሜት ነው፤ «በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር» የሚለው ግን ቁጥር ነው።

አንዳንድ አምራቾች በ1,600 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ገደማ መጉደልን እንኳን እንደ ብልሽት አይቆጥሩትም። የእናንተ ከዚያ በታች ከሆነ ገና ለልቅሶ አልደረሳችሁም።

👉 2. ጭሱ የሚወጣው መቼ ነው?

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው። ወፍራም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጉዳይ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን እዩ፦

• ጠዋት ሲነሳ ብቻ አጭሶ የሚተው ከሆነ፣ ወይም ቁልቁለት ወርዳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ቡፍ የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቫልቭ ጎሚኒ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ይሄ ሙሉ ሞተር ሳይወርድ ይቀየራል።
• ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የሚያጨስ ከሆነ የፋሻ ነገር ነው።
• ፒሲቪ የምትባል ትንሽ ቫልቭ አለች። ሥራዋ ሞተር ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ መልሳ ወደ መሳቢያው መላክ ነው። ስትበላሽ ወይም ስትደፈን ሞተሩ ዘይት መሳብ ይጀምራል። ከሞተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም በማትባል ብር ትቀየራለች። ሞተር ይውረድ ከሚላችሁ መካኒክ በፊት እሷን አስቀይሩና እንደገና ለኩ።

👉 3. ኮምፕሬሽን ሳይለካ ሞተር አይውረድ

ይሄ ምርመራ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ በየሲሊንደሩ ጌጅ ይገባል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። ዋናው ነገር የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ1 ባር (15 ፒኤስአይ ገደማ) በላይ ከሆነ ችግር አለ።

ቀጥሎ ቁጥሩ የወረደበት ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ በደንብ ከጨመረ የሚያሳልፈው ፋሻው ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖለታል ማለት ነው። ካልጨመረ ችግሩ ወደ ላይ፣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ጋ ነው።

አሁን የአዲስ አበባ ልጆች ይህቺን ልብ በሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ላይ ነች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር ሳይቀር እዚህ ሲለካ የማኑዋሉን ቁጥር አይሰጥም። መጽሐፉ 180 የሚል ከሆነ እዚህ 135–140 ማየት ብቻውን «ሞተሩ አለቀ» አያሰኝም። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት ከፍታውን አስቡ።

ሌላም አለ። ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ሆኖ ዘይት የሚበላ ሞተር ብዙ ነው። ምክንያቱም ፒስቶን ላይ ያሉት ፋሻዎች ሥራቸው ይለያያል፤ የላይኞቹ ኮምፕሬሽን ይይዛሉ፣ የታችኛው ዘይት ይጠርጋል። የታችኛው በካርቦን ተጣብቆ ከቀረ መኪናው ጉልበቱ ሳይቀንስ ዘይት ይጨርሳል። ዘይት በጊዜው ያለመቀየር አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው። የካርቦን ማሟሟቻ በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሶ ማሳደር አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ወጪው ግን ትንሽ ስለሆነ መሞከሩ አይከፋም።

👉 4. «ማሠራት» ሲባል የትኛው ማሠራት?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላው። «ሞተር አሠራሁ» ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ፋሻና ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር ነው። ርካሽ ነው። ነገር ግን ሲሊንደሩ ራሱ ተበልቶ ሞላላ ከሆነ አዲስ ፋሻ ቢገባም አይገጥምለትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጭሱ ይመለሳል።

ሁለተኛው ሙሉው ነው። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ በማይክሮሜትር ይለካል። ካስፈለገ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ትልቅ ፒስቶን ይገባለታል። ቴስታታው ይስተካከላል፣ ቫልቮቹ ይሞረዳሉ፣ ክራንክሻፍቱ ይለካል። መካኒኩን «ሲሊንደሩ ስንት ለካ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥር ካልሰጣችሁ አልለካውም።

አንድ ትምህርት የሚሆን ታሪክ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 አካባቢ የተሠሩ 2.4 ሊትር ሞተር ያላቸው አንዳንድ ቶዮታዎች፣ ካምሪን ጨምሮ፣ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ቶዮታ በአሜሪካ ባደረገው ጥገና የተቀየረው ፋሻው ብቻ ሳይሆን ፒስቶኑም ጭምር ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ ከፒስቶኑ አሠራር ይመጣል። በዚያ ፒስቶን ላይ አዲስ ፋሻ መደርደር ያንኑ ችግር እንደገና መግዛት ነው። ስለዚህ የሞተራችሁን ሞዴል ስም እወቁ፣ የታወቀ በሽታ እንዳለውም ጠይቁ።

ከተሠራ በኋላ ሮዳጅ አለው። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር አታጣድፉት፣ ከባድ ጭነት አትጫኑበት፣ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አታስነሱት፣ ዘይቱንም ቶሎ ቀይሩ።

👉 5. ያገለገለ ሞተርስ?

ጥቅሙ ፍጥነት ነው። በቀናት ውስጥ ወደ ሥራ ትመለሳላችሁ። ችግሩ ደግሞ የማታውቁትን ሞተር መግዛታችሁ ነው። እሱም ዘይት የሚበላ ቢሆንስ? ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት፦

• የዘይት መክደኛውን ክፈቱ። ውስጡ ጥቁር ጭቃ ከያዘ ተዉት።
• ካንዴላዎቹን አስወጡ። በዘይት የራሰ ካለ ይሄም ይበላል።
• ሞተሩ መሬት ላይ እያለም ስታርተርና ባትሪ ካለ ኮምፕሬሽን ይለካል። «አይቻልም» ካሉ ተጠራጠሩ።
• «ከተገጠመ በኋላ ካጨሰ ይመለሳል» የሚለውን ከነቀኑ በጽሑፍ አድርጉት። የቃል ዋስትና ሞተሩ ከሱቁ እስኪወጣ ድረስ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊብሬውን አትርሱ። ሊብሬያችሁ ላይ የሻንሲ ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። ሞተር ስትቀይሩ ቁጥሩ ይቀየራል። ካላስተካከላችሁ ለቦሎ ስትሄዱ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ጣጣ ነው። ሞተሩ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይላችሁ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ከዚያ ሻጩን ደረሰኝና የቀረጥ ሰነድ አምጣ በሉት። የለኝም ካለ ዋጋው ቢረክስም ውድ ነው።

👉 6. ማንም የማይነግራችሁ ሦስተኛ አማራጭ

ዘይት እየጨመሩ መንዳት። እውነታችንን ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነና ሞተሩ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ከበላ በወር 1 ሊትር፣ በዓመት 12 ሊትር ነው። የ12 ሊትሩን ዋጋ ከሞተር ሥራው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ እየጨመራችሁ ብር አጠራቅሙ። በ1,000 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ከሆነ ግን በዓመት 48 ሊትር መጣ። ያኔ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መለኪያውን በየሳምንቱ፣ የሚብስ ከሆነ በየቀኑ ማየት። እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ሞተሯ የሚይዘው 3 ሊትር ከምናምን ነው። አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ዘይት የሚበላ ሞተርን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ መብላቱ ሳይሆን ባዶውን መነዳቱ ነው። የዘይት መብራቱን አትጠብቁ፤ እሱ ከበራ አርፍዳችኋል።

👉 ስለዚህ እንዴት እንወስን?

• ጉድለቱ ትንሽ ከሆነ፣ ድምፅ ከሌለው፦ ፒሲቪ ቀይሩ፣ ዘይት እየጨመራችሁ ንዱ።
• ሲነሳ ብቻ የሚያጨስ ከሆነ፦ የቫልቭ ጎሚኒ።
• ፋሻ ከሆነ፣ የምታምኑት መካኒክና ጥሩ ቶርኖ ቤት ካለ፣ መኪናውንም ለዓመታት የምትይዙት ከሆነ፦ ማሠራት። ሊብሬም አትነኩም።
• ክራንክሻፍቱ ከተበላ፣ ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የቶርኖ ቤቱ ወጪና የቆመበት ቀን ተደምሮ ከሞተሩ ዋጋ ካለፈ፦ መቀየር፣ ግን ከነሰነዱ።
• መኪናው ቦዲውም ካምቢዮውም ያለቀ ከሆነ፦ ብር አታፍስሱበት።

በመጨረሻ አንድ ነገር። መካኒኩ ምንም ሳይለካ፣ ጭሱን ብቻ አይቶ «ይውረድ» ካላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ። ሞተር አንዴ ከተፈታ በኋላ «ለካስ ፒሲቪ ነበር» ማለት ብር አይመልስም።

ዘይት የሚያስጨምር ጓደኛ አላችሁ? ሼር አድርጉለት። የናንተ ምን ላይ ደረሰ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።