የዘውዱ ሜዳይና የጋይንት ምስክር

በኢትዮጵያ የዘውድ ዘመን ኒሻን ማለት ንጉሠ ነገሥቱ ለአገልግሎትና ለታማኝነት የሚሰጡት፣ በደረት ላይ የሚደረግ የክብር ምልክት ሲሆን፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1874 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት የሰሎሞን ማኅተም ኒሻን ጀምሮ በአብዛኛው የሚደርሰው ለመኳንንት፣ ለጦር አለቆችና ለውጭ አገር እንግዶች ነበር። ጥበብንና ምርምርን በየዓመቱ መርጦ የሚሸልም ራሱን የቻለ ተቋም የተገኘው ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ሲመሠረት ነው።

ተሸላሚው የወርቅ ሜዳይ፣ ዲፕሎማና ገንዘብ ይቀበል ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በሥነ ጥበብ፣ ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተሸለሙ፤ በተከታዩ ዓመት ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ተከተሏቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 እ.ኤ.አ. ሲሸለም ዕድሜው ገና 29 ነበር፤ አንድ ወጣት ጸሐፌ ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለብዕሩ መከበሩ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሽልማቱም ስለቀረ፣ በሜዳዩ የተከበሩት የአንድ ዐሥርት ዓመት ሰዎች ብቻ ናቸው።

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ከዚህ ሽልማት እጅግ የሚቀድም ሌላ የዕውቀት ክብር አለ፤ እርሱም ምስክር ይባላል። ምስክር ማለት ተማሪው የተማረውን በታወቀው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት፣ በመምህሩ ፊት አስመዝኖ ለማስተማር የሚበቃበት ሥርዓት ነው። ለድጓ፣ ማለትም በቅዱስ ያሬድ ስም ለሚታወቀው የዓመቱ በዓላት የዜማ መጽሐፍ፣ የምስክሩ ቦታ የጋይንቷ ቤተልሔም ናት፤ ከቁርባን በኋላ ለሚዜመው ዝማሬና ለፍትሐት ለሚዜመው መዋሥዕት ዙር አምባ፤ የእስቴዋ ቆማ ደግሞ በራሷ የዜማ ስልት ትታወቃለች። የድጓ ተማሪ ብራናውን ፍቆ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከቃሉ በላይ ባለው ጠባብ ክፍት ቦታ ድፋት፣ ጭረት፣ ይዘትና ርክርክ የተባሉትን ረቂቅ ምልክቶች፣ ከእነርሱም ጋር ዜማውን የሚያስታውሱ ጥቃቅን ፊደላትን ያሰፍራል። ከዓመታት ድካም በኋላ የሚያገኘው ወርቅ ሳይሆን መሪጌታ መባልና ጉባኤ መትከል ነው።

ሁለቱ ክብሮች አይቃረኑም፤ ሜዳዩ ለአዲስ ፈጠራ፣ ምስክሩ የተረከቡትን ሳያጎድሉ ለማስረከብ የተሰጡ ናቸውና። ሁለተኛው ከፊተኛው ያነሰ ጥበብ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። ስለዚህ ወደፊት ለጥበብና ለዕውቀት አገራዊ ሽልማት የሚያቋቁሙ ሁሉ ዜማን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርገው ይመድቡ፤ ዕጩዎችንም ሲፈልጉ እስከ ቤተልሔምና እስከ ዙር አምባ ይውጡ።