ለሱንት ቀስት ጀርባ የቱ ይሻላል፦ ጅማት፣ ጠፍር ወይስ ቀርከሃ?

በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ ካርቱም ሳለሁ ቀስት የምሠራው ከሱንት ነበር። የኦምዱርማን ጀልባ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ያ ከባድ የግራር ዘር ማለቴ ነው።

ቀስት ሲሳብ ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል፣ ጀርባው ይለጠጣል። ስብራቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጀርባ ነው፤ ሲጠረብ የእንጨቱ ክር የተቆረጠበት ቦታ ላይ ስንጣሪ ብድግ ይላል፣ ከዚያ ቀጭ! ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ከወረደና ቀስቱ ረጅም ከሆነ ግን ምንም አትለጥፉበት። ሄሮዶቶስ በፋርሱ ንጉሥ በዘርክሲስ ጦር ውስጥ ስለተሰለፉት «ኢትዮጵያውያን» (ከግብፅ በስተደቡብ ያሉትን ማለቱ ነው) ሲጽፍ፣ ቀስታቸው ከዘንባባ የተሠራ፣ ርዝመቱም ከ4 ክንድ የማያንስ እንደነበር ይናገራል። በዚያ ርዝመት ጫናው ስለሚከፋፈል እንጨቱ ብቻውን ይችለዋል። ጣጣው የሚመጣው ስታሳጥሩት ነው።

ለአጭር ቀስት እኔ ጅማት እመርጣለሁ። የበሬ የኋላ እግር ጅማት ከሉካንዳ ለምኑ። (የበገና አውታር የሚሠራበት የበግ አንጀት ሌላ ነው፤ እንዳታምታቱ።) በጥላ አድርቁት፣ በለስላሳ ድንጋይ ቀጥቅጡት፣ እንደ ፀጉር እስኪበተን ሰንጥቁት። ከዚያ በውኃ አርሳችሁ ለብ ባለ የቆዳ ሙጫ እየነከራችሁ በቁመቱ ደርድሩ፤ የአንዱ እሽግ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር አይግጠም። ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ቀስቱንም ወደ ኋላ ይቀለብሰዋል፤ ጉልበት የሚጨምረው በዚህ ነው። ወደ ጫፎቹ ስትጠጉ አሳሱት፣ ጅማት ይከብዳል፣ ጫፉ ከከበደ ፍላጻው ይዘገያል።

የካርቱም ደረቅ አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ጉዱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ የቆዳ ሙጫ እርጥበት ይጠጣል፣ ጅማቱም ይላላል። ስብ ቀብታችሁ ከዝናብ አርቁት።

ስስ የፍየል ጠፍር ጉልበት አይጨምርም፤ ስንጣሪውን ግን ይዞ ያስቀራል። ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ። የተልባ እግር ጨርቅም ያንኑ ያህል ይረዳል። ቀርከሃ ለመለጠጥ ብርቱ ስለሆነ ለስላሳ እንጨት ላይ ከተለጠፈ ሆዱን ያደቀዋል። ሱንት ሊችለው ይችላል፣ ቀርከሃው እስከ 3 ሚሊሜትር ከሳሳ።

ኮላን በተመለከተ፦ የአናጢ ነጭ ኮላ ሙቀት ሲበዛ ይለሰልሳል። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ከተማ፣ በተለይ መኪና ውስጥ የተተወ ቀስት ላይ፣ ቀርከሃው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ለቀርከሃ ኢፖክሲ ተጠቀሙ።